አስመራቂ ሞልቶ ጠጋኝ ጠፋ

ባለፈው የጊፋታ ሰሞን ዱቦ ነበርኩ። ከወላይታ ሶዶ በአረካ በኩል አድርጌ እህቴ ቤት ገባሁ። ጥሬ ሥጋው ቀርቧል፣ ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቧል። የጎደለው የእህቴ ልጅ ብቻ ነው።

«የት ሄደ?» አልኳት።

«ጓዳ ነው። ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የት ይሄዳል ብለህ ነው!» አለችኝ፣ የበሽተኛ ነገር እንደሚያወራ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እኔም የአጎትነቴን ልወጣ ተነሳሁ። ምክር ደግሞ ሆድ ከጠገበ በኋላ አይቸግርም። «አንተ ልጅ፣ በዓመት በዓል እንኳ ጌም?» አልኩት ገና ከበሩ።

«ጋሼ፣ እየተጫወትኩ አይደለም። የሰው ጌም እየጠገንኩ ነው።»

ሳቅኩ። ዛሬ ያ ሳቄ ያሳፍረኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ነገሩን ላስረዳችሁ። እኔም የገባኝ ያን ዕለት ነው። «ሳን አንድሪያስ» የሚባል ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ለኮምፒውተር የወጣ። ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ግን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ እንደኛ ላለ አገር አላረጀም። ልጆቹ ታዲያ ጨዋታውን እንደመጣ አይጫወቱትም። የአሜሪካውን መኪና አውጥተው ባጃጅ ይከቱበታል፤ ታክሲውን ሰማያዊ ሚኒባስ ያደርጉታል። ከኩባንያው ውጪ ተጫዋቹ ራሱ የሚጨምረው እንዲህ ያለው ቅጥያ «ሞድ» ይባላል።

ችግሩ የሚመጣው ሞዶቹ ሲበዙ ነው። ባጃጁ የጨዋታውን አንድ ፋይል ይተካል። ሚኒባሱ መጥቶ ያንኑ ፋይል ይተካል። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲጋፉ ጨዋታው ጭራሽ አልከፈት ይላል። ዋናው ፋይል አስቀድሞ ካልተቀመጠ ደግሞ መመለሻ የለም፤ እንደገና መጫን ነው። ስለዚህ ሞዶቹን የሚያስተዳድር መሣሪያ ያስፈልጋል። ዋናውን ፋይል ይጠብቃል፣ የትኛው ሞድ የት እንደገባ ይመዘግባል፣ ማን ከማን እንደሚቀድም ይወስናል፣ አንዱ ይውጣ ሲባል ሌላውን ሳይነካ ያወጣል። የእህቴ ልጅ የሠራው ይህን ነው። በውጭ አገር የተሠሩ ሞልተዋል፤ የእሱ ግን በአማርኛና በወላይትኛ ያናግራል። በፍላሽ ለአንድ ጌም ቤት ሰጠ። ከዱቦ አረካ ደረሰ፣ ከአረካ ሶዶ ገባ። አንድ ብር አልተቀበለበትም።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አላረፈም።

መልእክቶቹን አሳየኝ። «አይሠራም።» አለቀ፤ ሌላ ቃል የለም። «ያንተ ነገር ኮምፒውተሬን አበላሸብኝ።» «ለምን ቶሎ አትመልስም? ንቀት ነው?» ከለሊቱ ስድስት ሰዓት የደወለ አለ። ሴቭ ያደረገው ጨዋታ ስለጠፋበት ካሣ የጠየቀ አለ። ልጁ ለእያንዳንዱ እንደ ሐኪም ይጠይቃል። ዊንዶውስህ የትኛው ነው? የጨዋታህ እትም ስንት ነው? ምን ምን ሞድ ጭነሃል? ምን ብሎ ተዘጋ? ብዙዎቹ ሞዶች የሚሠሩት በመጀመሪያው፣ 1.0 በሚባለው እትም ላይ ነው፤ የሰውዬው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ወይ ደግሞ ፀረ ቫይረሱ መሣሪያውን ሌባ ነው ብሎ አስሮታል። ጥፋቱ የልጁ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ እሱ ራሱ አይክድም። ያኔ አድሮ ያስተካክላል። ሲነጋ አዲስ «አይሠራም» ይመጣለታል።

«ጋሼ፣ ላቆመው ነው» አለኝ።

«ማቆም ነው እንጂ!» አልኩት። «ወደ ቁም ነገር ግባ።»

ወደ ሶዶ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህ ቃሌ ቆረቆረኝ። የትኛው ቁም ነገር? ልጁ አንድ ነገር ፈጠረ፣ ለሰው ሰጠ፣ ሲበላሽ ተቀምጦ ጠገነ። እዚህ አገር የጎደለን ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

አንዳንዱ አንባቢ «ጌም ነው እኮ! ይህም ነገር ሆኖ ጋዜጣ ላይ ይጻፋል?» ሊል ይችላል። መልስ አለኝ። ኤክስዜድ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ሥራው ፋይል ማመቅ ነው። የዓለም ኢንተርኔት የሚሽከረከርባቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሰርቨሮች ውስጥ ተቀምጧል። ለዓመታት የሚንከባከበው ግን በትርፍ ጊዜው ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ ፊንላንዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 «ለምን ዘገየህ? ካልቻልክ ለሌላ ስጥ» የሚሉ መልእክቶች ተደራረቡበት። ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ አንድ ትሑት ረዳት ደግሞ አጠገቡ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቁልፉ እጁ ገባ። ረዳቱ ውስጥ ውስጡን የሚስጥር በር ቀርጾበት ኖሯል። መጋቢት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ባይመረምር ኖሮ፣ ያ በር የስንቱን ቤት ይከፍት እንደነበር አስቡት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ «ለምን ዘገየህ?» የሚለው ጥያቄ ከዱቦው «ንቀት ነው?» በምን ይለያል? ጨዋታ ይሁን ሰርቨር፣ ጠጋኙ የሚደክመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሲደክም ደግሞ ወይ ትቶ ይሄዳል፣ ወይ ቁልፉን ላገኘው ይሰጣል።

ሌላው ደግሞ «በነፃ ስጥ ብሎ ማን አስገደደው? ያስከፍል» ይላል። ይህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ከቤተስዳ ጋር ሆኖ «ስካይሪም» ለተባለው ጨዋታ ሞድ ሠሪዎች ሞዳቸውን እንዲሸጡ ፈቀደ። ከሽያጩ ለሠሪው የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነበር። ተጫዋቹ ግልብጥ ብሎ ተነሳ፤ ነገሩ በአራተኛው ቀን ተሰረዘ። ከተቆጡት ውስጥ እውነት ያላቸው ነበሩ፤ ድርሻው ፍትሐዊ አልነበረም፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሰርቆ ሊሸጥ ይችል ነበር። ግን ደግሞ እስከዚያች ቀን በነፃ ሲበላ የኖረ፣ ዋጋ ሲጠየቅ የተሰደበ የመሰለውም ጥቂት አልነበረም።

በዚያው ዓለም የሚያስቀና ነገርም አለ። «ሞድ ኦርጋናይዘር» የሚባለውን የሞድ ማስተዳደሪያ ታኒን በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ሠራው። የጨዋታውን ማኅደር ጨርሶ ሳይነካ ሞዶቹን ለየብቻ የሚያስቀምጥ ብልህ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔክሰስ ሞድስ ሰውዬውን ቀጠረውና ቮርቴክስ የተባለ አዲስ ማስተዳደሪያ ወደ መሥራት ገባ። የድሮው መሣሪያው ግን አልሞተም፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ሌሎች ፈቃደኞች ተረክበው ቀጠሉበት። አያችሁ? ሠሪው ቢሄድም ተረካቢ ነበረው።

እኛስ? እኛ የምናውቀው ማስመረቅን ነው። ሪባን፣ መቀስ፣ ጭብጨባ፣ ምሳ። የውኃ ፓምፑ ይመረቃል፤ በዓመቱ አንዲት ጎማ ስታልቅ የሚቀይራት ይጠፋና እናቶች ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ድረ ገጹ ይመረቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ሲከፈት «ገጹ አልተገኘም» ይላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው የመመረቂያ ፕሮጀክት ብሎ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ይሠራል፤ ኤ ያገኝበትና መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ተማሪ ያንኑ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን እናሠለጥናለን የሚል ዕቅድ ይፋ ሆኗል። ይሁን፣ ደስ ይላል። እኔ የምለው ግን፣ አምስት ሚሊዮኑ የሚጽፉትን ማን ይጠግነዋል? የጠጋኝ ሥልጠናው መቼ ነው የሚጀመረው?

ሌላውን ስወቅስ ራሴን እንዳልረሳ። ይህን ጽሑፍ የመታሁት በነፃ ባገኘሁት የግዕዝ መጻፊያ ነው። ዕድሜው የሚፈቅድላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ድሮ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ኮምፒውተር ሲከፈት የአጋንንት ጽሕፈት ይሆን ነበር። ልክ እንደ ባጃጁና ሚኒባሱ፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላችንን በፈለገው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህም ቢሆን እንደ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያሉ ወገኖች ያዘጋጁት ነፃ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ዊንዶውሱ በተለወጠ፣ ስልኩ በታደሰ ቁጥር ይታደሳል። በራሱ አይታደስም፤ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ያድሰዋል። እኔ ለዚያ ሰው በስንት ዓመት አንድ ቀን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ጽፌለት አላውቅም። አንድ ፊደል እምቢ ባለችኝ ዕለት ግን በስድብ አንደኛ ነበርኩ።

እና ምን ይደረግ? ከውጭ ኤክስፐርት መጥራት አያስፈልግም። መፍትሔው እድራችን ውስጥ አለ። የእድሩን ድንኳን አስቡት። ተገዝቶ አይተውም። ዕቃ ቤት አለው፣ ጠባቂ አለው። ሳህኑ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፤ የሰበረ ይከፍላል። ድንኳኑ ሲቀደድ «ይህ እድር ንቀት ነው!» ብሎ የሚጮህ የለም፤ በየወሩ ከተዋጣው ላይ ወጥቶ ይሰፋል። ጠባቂው ሲያረጅ ደግሞ ሌላ ይመረጣል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

በአንድ ነፃ መሣሪያ ከልጅ እስከ አዋቂ ደንበኛ የሚያስተናግድ ጌም ቤት፣ በወር የጥቂት ጨዋታ ዋጋ ቢያዋጣ አይከስርም። ገንዘብ የሌለው «አይሠራም» ከማለት ይልቅ ምን ሲያደርግ፣ በየትኛው እትም፣ ምን ብሎ እንደተዘጋ ይጻፍ፤ ይህም መዋጮ ነው። መምህሩ ተማሪውን አዲስ ነገር ጀምር ከሚለው፣ የቀድሞውን አስተካክልና ኤ ውሰድ ይበለው። ሠሪውም ቢሆን ግዴታ አለበት። የሚችለውንና የማይችለውን አስቀድሞ ይናገር፣ ሥራውን ለተረካቢ በሚገባ ጽፎ ያስቀምጥ፣ ሲደክመውም ሳይሸማቀቅ ደከመኝ ይበል። ደቦ የሚወጣ ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ እረስ አይባልም!

ሰሞኑን ወደ ዱቦ ደወልኩ። ምክሬን ልሰርዝ፣ ይቅርታም ልጠይቅ፣ በወር በወር የምችለውን ላዋጣ እንዳሰብኩም ልነግረው። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ገና ስሙን ከመጥራቴ፣ ልጁ በደከመ ድምፅ ቀደመኝ።

«አቤት ጋሼ፤ ደግሞ ለእርስዎ ምን ተበላሸብዎት?»