ዕብዱ ማነው?

ለመዝናናት ብለው ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችን «ዕብዶች፣ ነፍሳቸውን የጠሉ» ማለት ይቀናናል። ቁጥሩ የሚለው ግን ሌላ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህ ስፖርት በአማካይ በየዓመቱ ከ40 በላይ ሰው ይገድል ነበር። በ2023 ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ዝላይ ተደርጎ የሞቱት 10 ናቸው።

ምን ተለወጠ? የመሬት ስበት ያው ነው። የተለወጠው ሥርዓቱ ነው። ከ4,000 ሜትር የዘለለ ሰው ፓራሹቱን እስኪከፍት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወርደው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ለዚያች ደቂቃ ሲባል መጠባበቂያ ፓራሹቱን ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየ180 ቀኑ ፈትቶ፣ መርምሮ መልሶ ያጥፈዋል። ቀኑ ካለፈ መዝለል የለም! ሰው ሲሞትም «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ስህተቱ ተመርምሮ ሌሎቹ እንዲማሩበት ይታተማል።

ታዲያ ቀበቶ ሳያስር፣ ስልክ እያወራ፣ ባለቀ ጎማ ቤተሰቡን ጭኖ የሚከንፍ ሹፌር እነዚህን ሰዎች «ዕብድ» ለማለት ምን ሞራል አለው? ድፍረት አደጋን መናቅ ከሆነ ደፋሩ እሱ ነው። ከሰማይ የሚዘሉትማ ፈሪዎች ናቸው፤ ስለሚፈሩ ይፈትሻሉ፣ ስለሚፈትሹ ቤታቸው ይገባሉ።