ካርታ የሌላቸው እናት



ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ከወልድያ ወደ መርሳ ወርጄ ነበር። ከድንኳኑ ስወጣ አንዲት አሮጊት እናት እጄን ያዝ አድርገው «ሲስተር፣ ዘነጋሽኝ እንዴ?» አሉኝ። አልዘነጋኋቸውም። እንዲያውም ዓይናቸውን ለማየት አፍሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከውጭ ባገኘው የእርዳታ ገንዘብ የድሆችን ቤት ሊጠግን መጣ። ተጠቃሚዎችን የሚመርጥ ኮሚቴ ሲቋቋም ከቅሬ ሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር እኔም ገባሁ። ነርስ ሆኜ ስለኖርኩ የየቤቱን ጓዳ ታውቃለች ብለው ነው።

እኚህ እናት ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። የሚኖሩት በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበር። ማብሰያውም መኝታውም እዚያው ነው። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ይረጥባል፣ ጭሱም መውጫ የለው። ትንሹን ልጅ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ በሳንባ ምች ታሞ አስታምሜዋለሁ። በችግር ቢሆን ከዝርዝሩ አንደኛ መሆን የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። የድርጅቱ ቅጽ ግን «የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አለ?» ይላል። ተከራይ ካርታ ከየት ያመጣል? እስክሪብቶው በእኔ እጅ ስለነበር ስማቸውን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

መስፈርቱ ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። ለጋሹ የሚፈራው የግለሰብ ቤት ቢታደስ አከራዩ ኪራይ ጨምሮ ተከራዩን ያስወጣል ብሎ ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው። ውጤቱ ግን ያሳዝናል። ያዘመመች ጎጆ ያለው ይታደስለታል፤ ጎጆም የሌለው ይቀራል። በ2014ቱ ጦርነት ስንት ቤተሰብ ከቤቱ እንደወጣ እኛ የሰሜን ወሎ ሰዎች እናውቃለን። በሀብሩ ጃራ መጠለያ ድንኳን ውስጥ የከረሙት ተፈናቃዮችስ ምን ካርታ ያሳያሉ?

ሌላ መንገድ እንዳለ የሙያ እህታችን ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ አሳይተውናል። እሳቸውም ነርስ ነበሩ። በደርግ ዘመን ዓመታት ታስረው ከተፈቱ በኋላ፣ አዲስ አበባ በቀበሌ 29 ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ የሕፃናት ድርጅት በሚረዳው ፕሮጀክት ሠሩ። ኋላም የራሳቸውን ድርጅት መሥርተው በሌሎች የድሃ ሰፈሮች ቀጠሉ። ቤት መጠገን፣ መጸዳጃና ማብሰያ መሥራት፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ የገቢ ማስገኛ ሥራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሄድ ነበር። በእነዚያ ሰፈሮች ብዙው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። የሐምሌ 1967 አዋጅ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የእነዚህ ቤቶች ኪራይ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ቤቱ ቢጠገንም ድሃው እዚያው ይኖራል። ካርታ ሳይኖረው ተረዳ ማለት ነው።

ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው ድርጅት ደግሞ ቤት ሲሠራ ትርፍ የሌለው ብድር የመስጠት ልማድ አለው። ቤተሰቡ በጉልበቱ ያግዛል፣ ዕዳውን በየወሩ ይከፍላል፣ የተመለሰው ገንዘብም ለሚቀጥለው ቤት ይውላል። እንዲህ ያለው አሠራር የሚሳካው ግን መሬት የሚሰጥ ማዘጋጃ ቤት ሲኖር ነው። ኮንዶሚኒየም ለሚሉኝ፣ ለዝቅተኛ ገቢ በተባለው አሥር ዘጠና እንኳ ቅድሚያ መቆጠብ ግድ ነው፤ የዕለት ጉርሱን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ምኑን ይቆጥባል?

ስለዚህ ድርጅት ወደ ሰፈራችን ሲመጣ፣ እናንተም ኮሚቴ ውስጥ ስትገቡ፣ እኔ ያልጠየቅኩትን ጠይቁ። መጀመሪያ፣ «ተከራዮችስ?» በሉ። የቀበሌ ቤት ይጠገን፤ የግለሰብ ከሆነም አከራዩ ቤቱ ሲታደስለት ለተወሰኑ ዓመታት ኪራይ እንዳይጨምርና ተከራዩን እንዳያስወጣ በጽሑፍ ይስማማ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ከተማችሁ በአዋጁ የታቀፈ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት ጠይቁ፤ ባይታቀፍ እንኳ ለስምምነት ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የት እንደሚውል ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። በስብሰባ ላይ ተነስቶ «ለቢሮ ስንት፣ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ስንት?» ማለት ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ካርታ ያላችሁ አያቶች ወረቀታችሁን አስተካክሉ። በሟች ባል ወይም በአባት ስም የቀረ ይዞታ እርዳታው ሲመጣ እንቅፋት ይሆናል፣ ለልጅ ልጆችም ሙግት ያወርሳል።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። አሁን አራተኛ ቤታቸው ላይ ናቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ወረቀቱ እኮ ነው» አሉኝ። ወረቀቱ ነው ብዬ እኔም ስንት ዓመት ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። የዚያን ዕለት ግን ከሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች ጋር አከራያቸው ዘንድ ሄድን። ቡና ተፈላ፣ ብዙ ተወራ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እሱም ልጆች ያሳድጋል። የሁለት ዓመት ውል በጽሑፍ ለመፈረም ተስማምቷል፣ ለጭሱም መውጫ እንዲከፈት ፈቅዷል። ቆርቆሮውን እኛ በመዋጮ እንገዛለን።

ውሉ የሚፈረመው በመጪው ቅዳሜ ነው። እንደተፈረመ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።