መዝገብ ሙሉ ቃሉን ይስጥ

የነጋዴ ሀብት በመጋዘኑ ካለው ዕቃና በባንክ ካለው ገንዘብ ብቻ የሚቆጠር አይደለም። ማን ምን ያህል በዱቤ እንደ ወሰደ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ዲክላራሲዮን እንደ ገባ፣ የትኛው ደረሰኝ እንደ ተከፈለና የትኛው እንደ ቀረ የሚናገረው መዝገብም ሀብት ነው። መዝገቡ የተሳሳተ ቃል የሰጠ ዕለት ነጋዴው ወይ የራሱን ገንዘብ ያጣል፣ ወይም የሌላውን ሰው ገንዘብ ያለ አግባብ ይጠይቃል። የጠፋ ገንዘብ ሌላ ቀን ይተካ ይሆናል፤ ዕዳውን ከፍሎ ሳለ «አልከፈልህም» የተባለ ደንበኛ ግን ወደዚያ ሱቅ ዳግመኛ አይመለስም።

ዛሬ በብዙ የንግድ ቤቶች ይህ መዝገብ ከወፍራሙ ደብተር ወጥቶ በኮምፒዩተር በኤክሴል ሠንጠረዥ ተጽፏል። በሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን ፈልጎ የሚያመጣ ቀመርም አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቪሲካልክ እንኳ እንዲህ ያለ ቀመር ነበረው። በየቢሮው የሚታወቀው ቪሉክአፕ ነው። የደንበኛው ቁጥር ሲሰጠው በመጀመሪያው ዐምድ ቁልቁል ይፈልጋል፤ ባገኘውም ጊዜ በዚያው ረድፍ ወደ ቀኝ ሄዶ የታዘዘውን ያመጣል። ሥራው ፈጣን ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያመጣውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ቪሉክአፕ አራት ትእዛዞችን ይቀበላል። አራተኛው፣ «ልክ ይህን ቁጥር ብቻ» ወይስ «የሚቀርበውን» የሚለው ነው። ጸሐፊው አራተኛውን ሳይጽፍ ከተወው ቀመሩ የሚቀርበውን እንዲያመጣ እንደ ተፈቀደለት ይቆጥራል። ለምሳሌ ቁጥራቸው በተራ በተደረደሩ ደንበኞች ዝርዝር 1047 የተባለው ባይኖር፣ ቀመሩ «የለም» በማለት ፈንታ የ1046ን ዕዳ አምጥቶ ያስቀምጣል። የጎረቤትን ዕዳ በሌላው ላይ የጫነ ምስክር በዳኛ ፊት ቢቆም ይቀጣል፤ በኮምፒዩተር ሲሆን ግን ወረቀቱ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይላካል። ስለዚህ በአራተኛው ቦታ «ፎልስ» ወይም ዜሮ መጻፍ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ቀመሩ መጀመሪያ ባገኘው ረድፍ ላይ የሚቆም መሆኑ ነው። አንድ ቸርቻሪ ከአንድ አከፋፋይ ሦስት ጊዜ በዱቤ ቢወስድ፣ ቪሉክአፕ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ብቻ አምጥቶ ዝም ይላል። ሁለቱ ደረሰኞች በመዝገቡ ውስጥ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። ከዚህም በቀር ዐምዱ የሚታዘዘው በቁጥር ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው በመካከል አዲስ ዐምድ ቢያስገባ፣ ትናንት ዋጋ ያመጣ የነበረው ቀመር ዛሬ የዕቃውን ብዛት ሊያመጣ ይችላል።

የእነዚህ ነገሮች መድኀኒት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተገለጸው ኤክስሉክአፕ ካልታዘዘ በቀር የሚቀርበውን አይፈልግም፤ የተጠየቀውን ሰው ስም፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥርና ቀሪ ሒሳብ፣ ሙሉውን ረድፍ በአንድ ጊዜ ያመጣል። ፊልተር የተባለው ደግሞ አንዱን ብቻ ሳይሆን፣ የዚያን ደንበኛ ደረሰኞች ሁሉ፣ ሦስትም ይሁኑ ሠላሳ፣ ዘርዝሮ ያቀርባል። እነዚህ በአሮጌው ኤክሴል አይገኙም፤ ያለ ክፍያ በሚሠራው በጉግል ሺትስ ግን ይገኛሉ። አሮጌው ብቻ ያለው ሰውም ኢንዴክስና ማች የተባሉትን ሁለት ቀመሮች አጣምሮ ሙሉውን ረድፍ ማግኘት ይችላል።

ይሁንና የተሻለ ቀመር የተበላሸ መዝገብን አያቃናም። በአገራችን ስም የሚጻፍበት መንገድ ብዙ ነው። «ኃይሉ»፣ «ኀይሉ» እና «ሀይሉ» ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከስሙ በኋላ በስሕተት የተጨመረ አንድ ባዶ ቦታም ሌላ ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ ፍለጋ በስም ሳይሆን በቁጥር ይሁን። ቁጥርም የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ የቡና የታሪፍ ምዕራፍና አንቀጽ 0901 ነው፤ ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ከተቀበለው ግን ዜሮውን ጥሎ 901 ያደርገዋል። አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ ቁጥርም በዜሮ ሲጀምር ይኸው ይደርስበታል። እንዲህ ያለው ዐምድ ገና ሳይሞላ እንደ ጽሑፍ እንዲቈጠር መታዘዝ አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስሕተትን መሸፈን ነው። ቀመሩ የተጠየቀውን ሲያጣ «ኤን/ኤ» የሚል ምልክት ያወጣል። ብዙዎች ይህን እንደ ነውር ቈጥረው ኢፍኤረር በተባለው ቀመር በዜሮ ይተኩታል። በዕዳ ዝርዝር ላይ ዜሮ ማለት «ከፍሏል» ማለት ነው፤ በመጋዘን ዝርዝር ላይ ደግሞ «ዕቃው አልቋል» ማለት ነው። «አላገኘሁም» የሚለው እውነተኛ ቃል በሐሰት ተለወጠ ማለት አይደለምን? ምልክቱን መተካት ካስፈለገ «አልተገኘም» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍ እንጂ ዜሮ አይጻፍ።

«ይህ የጸሐፊው ሥራ ነው፤ ባለሱቁን ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። ሌሎችም አሮጌው ደብተር ይሻል ነበር ይላሉ። ደብተሩ አንድ መልካም ጠባይ እንደ ነበረው አይካድም፤ የደንበኛውን ገጽ የገለጠ ሰው ሒሳቡን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይን ያይ ነበር። ከኮምፒዩተሩም የሚፈለገው ይኸው ነው። ለጸሐፊው ብቻ ይተው ማለት ግን አይገባም፤ ደብዳቤው የሚወጣው በባለቤቱ ስምና ፊርማ ነው፤ ደንበኛው የሚያዝነውም በእርሱ ላይ ነው። ጸሐፊውም ቢሆን ሥራውን ለቆ ቢሄድ ቀመሮቹን የሚያውቅ ሰው በቤቱ ሊኖር ይገባል።

ስለዚህ ማንኛውም የንግድ ቤት ለእያንዳንዱ ደንበኛና ለእያንዳንዱ ዕቃ የማይደገም አንድ ቁጥር ይስጥ። የዕዳ መጠየቂያ ከመላኩ በፊት ጥቂት ረድፎች ተመርጠው ከዋናው ደረሰኝ ጋር ይመሳከሩ። በዝርዝሩ የሌለ ቁጥር ሆነ ተብሎ ይጠየቅና ቀመሩ ምን እንደሚመልስ ይታይ፤ «የለም» ካለ ይታመን፣ የሌላ ሰው ስም ካመጣ ይታረም። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰዓት ድካም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ያን ሰዓት የነፈገ ነጋዴ በኋላ ደንበኛውን ይቅርታ ሲለምን ብዙ ቀን ያጠፋል።