«ተረቴን መልሱ» የማይል ጨዋታ

በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች ቅዳሜ ማታ ደጋግሞ የሚሰማ ምልልስ አለ። እናት ከሥራ ስትገባ ልጇን ከቴሌቪዥኑ ፊት ታገኘዋለች። «ልጄ፣ ይህ ነገር አያልቅም እንዴ?» ትለዋለች። እሱም ዓይኑን ሳያነሣ «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እማዬ» ይላታል። በሚቀጥለው ቅዳሜም መልሱ ያው ነው። እናት ልጇ የሚዋሻት ይመስላታል፤ ልጅም እናቱ ነገሩ እንዳልገባት ያስባል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው የሚል ነው። የእናቲቱ ጥያቄ ተግሣጽ ብቻ ሳይሆን መልካም የምህንድስና ጥያቄ ነው፦ የተጀመረው ሥራ ማብቂያ አለው ወይስ የለውም?

መልሱን ለመፈለግ ከዳላስ መራቅ አያሻም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሜስኪት ይሠራ የነበረው ኢድ ሶፍትዌር «ዱም» የተሰኘውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ሲያወጣ፣ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ደረጃ በጨረሰ ቁጥር ሦስት መቶኛዎች ይታዩት ነበር፦ ከጠላቶቹ ስንቱን እንደ ጣለ፣ ከዕቃዎቹ ስንቱን እንዳነሣ፣ ከምስጢራዊ ሥፍራዎቹ ስንቱን እንደ ደረሰባቸው። መቶኛ ለማውጣት ደግሞ አካፋዩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች በዚያ ደረጃ ውስጥ ያኖሩትን ሁሉ ቆጥረው ያውቁታል ማለት ነው። «መቶ በመቶ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ ቆጠራ ነው።

ቆጠራው ትክክል በማይሆንበት ጊዜም እንኳ የሰው ልጅ ወደ መጨረሻው ለመድረስ የሚያሳየው ጽናት ያስገርማል። በ1994 በወጣው «ዱም 2» አሥራ አምስተኛ ደረጃ ውስጥ ከምስጢር የተቆጠረ አንድ ሥፍራ አለ። ተጫዋቹ ሊረግጠው ሲቃረብ፣ ገና እግሩ ሳያርፍበት ወደ ሌላ ቦታ ይወረወራል። ስለዚህ በዚያ ደረጃ የምስጢሩ መቶኛ ሳይሞላ ይቀር ነበር። ከ24 ዓመታት በኋላ፣ በ2018፣ «ዜሮ ማስተር» በሚል ስም የሚታወቅ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ ያለ ጭራቅ እንዲገፋው በማድረግ ያለ ማጭበርበሪያ ኮድ ገባበት። ደረጃውን የነደፈው ጆን ሮሜሮም በይፋ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ይህን ድካም ከንቱ የሚሉ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ያ ሰው የተነሣለት ግብ አንድ ነበር፤ ሲደርስበትም አበቃ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። እርሱ የያዘው ጨዋታ እንደ «ዱም» በደረጃ የተከፋፈለ ሳይሆን «ክፍት ዓለም» ከሚባሉት አንዱ ነው እንበል። ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው «ስካይሪም» እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ወጣ። የሠራው በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘው ቤተዝዳ ሲሆን፣ የዳላሱ ኢድ ሶፍትዌር ከ2009 ጀምሮ ከእርሱ ጋር በአንድ እናት ኩባንያ ሥር የሚሠራ እኅት ድርጅት ነው። በጨዋታው ውስጥ ተራሮች፣ ከተሞች፣ ዋሻዎችና ዘንዶዎች ያሉበት ሰፊ አገር አለ። ተጫዋቹ በፈለገው አቅጣጫ ይጓዛል፤ ከሚያገኛቸው ሰዎችም ተልዕኮ ይቀበላል። ተልዕኮዎቹን አንድ ሳያስቀር ለመፈጸም የሚነሣ ሰው አራት ዓይነት እንቅፋት ይገጥመዋል።

የመጀመሪያው መሰወር ነው። በአንደኛው ተልዕኮ 24 የከበሩ ድንጋዮች በአገሩ ሁሉ ተበታትነዋል፤ ካርታው ግን የአንዱንም ቦታ አያመለክትም። ሁለተኛው ምርጫ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ወይም ከዐማፅያኑ ጋር መሰለፍ ይቻላል፤ ከሁለቱም ጋር በአንድ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ሁሉን ተልዕኮ ሊፈጽም አይችልም፤ ከመጀመሪያው መልሶ መጫወት ግድ ይላል። ሦስተኛው የፕሮግራም ስሕተት ነው። በዊንድሄልም ከተማ የሚፈጸመውን ተከታታይ ግድያ የሚመረምረው ተልዕኮ መሐል ላይ በመቆም የታወቀ ነው። እነዚህ ሦስቱ አድካሚ ቢሆኑም የሚታለፉ ናቸው። ድንጋዮቹ ተቆጥረዋል፣ ጎራዎቹ ሁለት ናቸው፣ ስሕተቶቹም በተጫዋቾች ጥረት ታርመዋል።

አራተኛው እንቅፋት ግን ከሌሎቹ በዓይነቱ ይለያል። ቤተዝዳ በዚህ ጨዋታ ውስጥ «ሬዲያንት» የሚባል ሥርዓት ተክሏል። አሠራሩን ለማስረዳት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። ጸሐፊው ታሪክ በመጻፍ ፈንታ ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ያዘጋጃል፦ «እገሌ የተባለ ሰው፣ እንዲህ ከተባለው ዋሻ፣ ይህን ዕቃ እንድታመጣለት ይፈልጋል።» ከዚያ በኋላ ባዶዎቹን ቦታዎች የሚሞላው ማሽኑ ነው። አሥር ላኪዎች፣ አሥር ዋሻዎችና አሥር ዕቃዎች ቢኖሩ 1,000 ተልዕኮዎች ይወጣሉ፤ በሰው እጅ የተጻፈው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አንዱ ሲፈጸም ሌላው ይተካል። የሌቦቹ ማኅበርም ሆነ የተዋጊዎቹ ማኅበር እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጥ ይኖራል። የነፍሰ ገዳዮቹ ማኅበር ታሪክ ከተፈጸመ በኋላ የሚከፈተው ተልዕኮማ በስሙ ላይ «ለዘላለም» የሚል ቃል አለበት። የጨዋታው ዳይሬክተር ቶድ ሃዋርድም ተልዕኮዎቹ ማብቂያ እንደሌላቸው ገና ከጅምሩ ሲናገር ነበር።

እንግዲህ የልጁ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ዓይነቶች እውነት ነው። የእናቲቱ «አያልቅም እንዴ?» ደግሞ ስለ አራተኛው እውነት ነው። አከራካሪው ነገር ልጁ የተቀመጠበት ሰዓት ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። ሰዓቱን የሚያሳልፈው አካፋዩ በታወቀ ሥራ ላይ ነው ወይስ አካፋዩ አብሮት በሚያድግ ሥራ ላይ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በመጀመሪያው ሥራ አንድ እርምጃ ወደ መጨረሻው ያቀርባል። በሁለተኛው ግን የሚሄደውን ያህል መጨረሻው ይሸሻል።

ይህን ለወላጆች ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ ብዙዎች ነገሩን ከልጆቻቸው በላይ ያውቁታልና። ኡበር በአሜሪካ ለአሽከርካሪዎች የሚያቀርበው አንድ የማበረታቻ ክፍያ አለ። በተወሰኑ ቀናት ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ያለው ጉዞ ላጠናቀቀ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈለዋል። የዚህ ማበረታቻ ስም «ክዌስት» ነው። ተጫዋቾች ተልዕኮን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በኤፕሪል 2017 ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ ኩባንያው ከቪዲዮ ጨዋታ ስለ ወሰዳቸው ዘዴዎች፣ አንዱ ጉዞ ሳያልቅ ቀጣዩ ስለሚቀርብበት አሠራርም ጽፏል። በርግጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አሽከርካሪው በድካሙ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ለአገር ቤት ዘመድ ይልካል። የሥራው ቅርጽ ግን አንድ ነው። ቆጣሪው ይሞላል፣ ከዚያም ከዜሮ ይጀምራል። ማታ ወደ ቤት የሚገባ አባት ልጁን «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ሲለው፣ ልጁ በአክብሮት «አባዬ፣ አንተስ?» ቢለው ጥያቄው ተገቢ ይሆናል።

በዚህ አስተያየት የማይስማሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር ቀላል አይደለም። ማለቂያ የሌለው ጨዋታ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት የሚያገለግል ነው፤ ሰው በጫካ ውስጥ የሚንሸራሸረው ዛፎቹን ቆጥሮ ለመጨረስ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። ለመንሸራሸር የወጣ ሰው ግን ለመንሸራሸር እንደወጣ ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው መንሸራሸሩ የግዴታ ዝርዝር መልክ ሲይዝ ነው። በ«ስካይሪም» መዝገብ ውስጥ በሰው የተጻፉ ጥቃቅን ሥራዎችና በማሽን የተሞሉ ቅጾች በአንድ ርእስ ሥር ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ሁሉን ለመጨረስ የተነሣ ትጉህ ልጅ የትኛው ማብቂያ እንዳለው ከመዝገቡ ሊለይ አይችልም። ትጋቱ መልካም ባሕርይ ነው፤ የሚያሳዝነው ትጋቱ ሊሞላ በማይችል ማድጋ ውስጥ ሲፈስ ነው።

ስለዚህ ከጨዋታ ሠሪዎች የሚጠበቀው ነገር ትንሽ ነው፦ በሰው የተጻፈውንና በማሽን የተሞላውን ለይተው ያሳዩ። በፕሮግራም ረገድ ይህ ቀላል ሥራ ነው፤ ማሽኑ ራሱ የሞላውን ቅጽ ያውቀዋልና። ታሪክና ንግግር በማሽን የሚመረትበት ዘመን በደረሰበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ልዩነቱን በዓይን መለየት ይበልጥ እየከበደ ይሄዳል። ያኔ ምልክቱ ከሌለ ቅጹ ራሱ ታሪክ መስሎ ይቀርባል።

ከወላጆች የሚጠበቀውም የጥያቄ ለውጥ ነው። «ተነሥ፣ አጥፋው» ከማለት በፊት «የቀረህን ቁጠርልኝ» ማለት ይቻላል። ልጁ ቆጥሮ የሚያሳየው ከሆነ፣ ሦስት ድንጋይና አንድ ጦርነት ቀርቶት ከሆነ፣ እንዲጨርስ ቀን ቆርጦ መፍቀድ የጀመረውን መፈጸም ያስተምረዋል። መቁጠር ካልቻለ ግን መጨረሻውን ማሽኑ እንደማይሰጠው እርሱው በራሱ ይረዳል። ያኔ ድንበሩን የሚያሰምረው ተጫዋቹ ብቻ ነው።

አያቶቻችን በእሳት ዳር ተረት ሲነግሩን፣ ተረቱ የቱንም ያህል ቢጥም፣ በመጨረሻ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉ ነበር። ልጆቹ «አንድ ብቻ ይጨመርልን» ብለው ቢለምኑም ተረቱ አልቋል፤ ተነሥቶ መተኛት ነው። ያ ንግግር የተራኪውን ድካም፣ የሰሚውንም እንቅልፍ ያውቅ ነበር። ማሽን አይደክመውም፤ ስለዚህ «ተረቴን መልሱ» ብሎ አያውቅም። ይህን የሚለው ሰው ከቤቱ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ልጁ ራሱ ቢለው ነው።