ኮከብ ሰዓት ይነግራል እንጂ ትዳር አይፈርድም

 

በአገራችን ባልና ሚስት ሲጋጩ ቶሎ ከአፍ የምትወጣ አንዲት አባባል አለች። «ምን ይደረግ፣ ኮከባችን አልገጠመም» ትባላለች። በጉባኤ ፊት ቆመው ቃል ኪዳን የገቡ ባለትዳሮች እንኳ ሲሏት እንሰማለን። አብዛኞቻችን አምነንባት ሳይሆን ስለምትመቸን ነው የምንላት። ጥፋቱን ከእኔም ከአንቺም አንሥታ ወደ ሰማይ ትወረውረዋለች። ከዚያ በኋላ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም፣ የሚነጋገርም የለም።

እንግዲያው ዛሬ ስለ ኮከብ እንነጋገር። የምንነሣው ከጠንቋይ ደጅ አይደለም፤ ከአንድ የአንገት ጌጥ ነው።

የአንገት ጌጥ የሆነ የሌሊት ሰዓት

በውጭ አገር አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ከናስ የተሠራ፣ ክብ የሆነ ጌጥ ይሸጣል። ጌጥ ብቻ አይደለም። ጥንት መርከበኞች በሌሊት ሰዓት ያነቡበት የነበረ መሣሪያ አምሳያ ነው። መሣሪያው ኖክተርናል ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የሌሊት ሰዓት መለኪያ» ብንለው ያስኬዳል። ስፔናዊው ማርቲን ኮርቴስ በ1551 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የባሕር ጉዞ መጽሐፍ አሠራሩን ገልጾታል። የጥንቱ መሣሪያ ከጠንካራ እንጨት ወይም ከናስ ይሠራ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ላይ የተደረቡ ሁለት ክብ ዝርግ ሰሌዳዎች አሉት። በትልቁ ላይ ወራትና ቀናት፣ በትንሹ ላይ ሰዓታት ተጽፈዋል። በላያቸው የሚዞር አንድ ረጅም ክንድ አለ፤ መካከላቸው ላይ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ሰውየው በመጀመሪያ የትንሹን ሰሌዳ ምልክት በዕለቱ ቀን ላይ ያደርጋል። ከዚያ በቀዳዳው አሻግሮ የሰሜን ኮከብን ያያል። ኮከቡን ሳይለቅ ክንዱን እያዞረ «ታላቁ ድብ» ከሚባለው የኮከብ ስብስብ ሁለቱን ጠቋሚ ኮከቦች ያስነካዋል። ክንዱ ያረፈበት ቁጥር ሰዓቱ ነው። በትንሹ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ጥርሶች አሉ፤ የእኩለ ሌሊቱ ጥርስ ከሌሎቹ ይረዝማል። መብራት በሌለበት መርከበኛው ጥርሶቹን በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥር ነበር። መሣሪያው በሩብ ሰዓት ገደማ ይሳሳት ይሆናል፤ የእጅ ሰዓት ላልነበረው ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ለምን ይሠራል? ምድራችን በራስዋ ዙሪያ ስትዞር ከዋክብት በሰሜን ኮከብ ዙሪያ የሚዞሩ ይመስለናል። አንዱን ዙር የሚጨርሱት በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አንድ ኮከብ ትናንት ከነበረበት ቦታ ዛሬ 4 ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። በአንድ ወር 2 ሰዓት ይቀድማል ማለት ነው። መሣሪያው ቀኑን አስቀድሞ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቀኑን ያልሞላለት ሰው ኮከቡን በትክክል ቢያይም ሰዓቱን ይስታል።

ፊልቱ ላይ ለምን እምቢ አለ?

እስቲ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። እሱ በሊበን ዞን፣ ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በፊልቱ ከተማ የጤና ባለሙያ ነው። እሷ ከልጆቻቸው ጋር ሆሳዕና ትኖራለች። ለጋብቻቸው መታሰቢያ ውጭ አገር ያለች እህቷ ይህን ጌጥ ላከችላት፤ እሷም «ሌሊት ተረኛ ስትሆን ሰዓት እያየህበት አስበኝ» ብላ ለባሏ ላከችለት። እሱም በደስታ አንገቱ ላይ አድርጎ ማታ ወደ ደጅ ወጣ። የሰሜን ኮከብን ፈለገ፤ አጣው። ታላቁን ድብም ፈለገ፤ እሱም የለም። «ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» አለ።

ዕቃው አልተበላሸም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ቆማችሁ ከምታዩበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለንደን ላይ 51 ዲግሪ፣ ጎንደር ላይ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ 9፣ ፊልቱ ላይ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። እንግዲህ ፊልቱ ላይ የሰሜን ኮከብ ከምድር በላይ የግማሽ ጡጫ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። አቧራ፣ ግራር ወይም የጎረቤት ጣሪያ ይሸፍነዋል። ታላቁ ድብም በሰሜን አውሮፓ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠልቅ ሲዞር፣ በፊልቱ ግን ጠቋሚዎቹ ከ24 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት ያህል ከአድማስ በታች ናቸው። በጥቅምትና በኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም።

መሣሪያው የተቃኘው ለሌላ ሰማይ ነው። ሊያጌጡበት ይቻላል፤ በቆላው ከተማ ሰዓት ሊያነቡበት ግን ያዳግታል።

ውድ ባለትዳሮች፣ በቤታችን ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ መለኪያ አንጠልጥለናል? በፊልም ያየነው ባል፣ በፎቶ ያየነው ሠርግ፣ የጎረቤት ቤት ዕቃ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚነግረን ኑሮ አለ። በዚያ ለክተን «የእኛ ትዳር አይሠራም» እንላለን። ትዳሩ ከመፈረዱ በፊት መለኪያው የተሠራው ለየትኛው ሰማይ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የቆላው ሰማይ የራሱ ሰዓት አለው

የሰሜን ኮከብ ዝቅ አለ ማለት የፊልቱ ሰማይ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በመካከሉ ሦስት ኮከቦች የተሰለፉለት ኦሪዮን በዚያ አገር ከራስ በላይ ያልፋል ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ መጨረሻ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ፣ በጥር መጨረሻ 3 ሰዓት አካባቢ፣ በየካቲት መጨረሻ 1 ሰዓት አካባቢ ቀና ብላችሁ እዩት። በየወሩ 2 ሰዓት የሚቀድመው ያው ያልነው ሒሳብ ነው።

ይህን የአካባቢው ሰዎች ከማንም ቀድመው ያውቁታል። የቦረና ኦሮሞ ዘመን ቆጣሪዎች አያንቱ ይባላሉ። ወራትን የሚለዩት ጨረቃ ከሰባት ኮከቦችና የኮከብ ስብስቦች ጋር የምትሆንበትን ቦታ እያዩ ነው። 12 ወራት፣ 354 ቀናት ያሉት ዓመት አላቸው፤ ለቀናቱም 27 ስሞች አሏቸው። ይህን ሁሉ የሚይዙት በቃላቸው ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አቆጣጠር ለዓለም አስተዋውቀዋል። የሶማሌ አርብቶ አደሮችም ወቅትና ዝናብን በከዋክብት ይከታተላሉ፤ ሶማሊያዊው ምሁር ሙሴ ገላል ይህን እውቀት ሰብስበው በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። መጽሐፈ ኢዮብ (38፥31) ሰባቱ ከዋክብት የሚላቸውን፣ ቦረና ቡሳን፣ ሶማሌ ደግሞ ኡሩር ይሏቸዋል።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች መሣሪያ በአንገታቸው አላንጠለጠሉም። ከቆሙበት ቦታ ሆነው ያላቸውን ሰማይ ሌሊት በሌሊት ያያሉ። እውቀታቸው የተገኘው በመደጋገም ነው።

«ይሄ ኮከብ ቆጠራ አይደለም ወይ?»

ይህን ጥያቄ የምታነሡ ወገኖች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በአገራችን በዐውደ ነገሥት የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ «ኮከብህ ይህ ነው» የሚል ልማድ አለ። እጮኛሞችንም «ይገጥማሉ፣ አይገጥሙም» እያለ የሚያገናኝና የሚለያይ አለ። ኢሳይያስ 47፥13 የሚገሥጸው እንዲህ ያለውን በከዋክብት ዕጣ ፈንታን መፈለግ ነው።

ዘፍጥረት 1፥14 ግን በሰማይ ያሉት ብርሃናት ለምልክት፣ ለዘመናትና ለዕለታት እንደ ተሰጡ ይናገራል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ኮከብ «አሁን እኩለ ሌሊት ነው» ቢለን እውነቱን ነው፤ ዞሮ እንደሚመጣ ስለምናውቅ እንታመንበታለን። «ሚስትህ አትሆንህም» የሚል ኮከብ ግን የለም። ያንን የሚለው ሰው ነው። ሰው ያለውን ደግሞ ሰው ሊመልሰው ይችላል።

የማይገጥመው ሰዓታችሁ ነው

ወደ ፊልቱውና ወደ ሆሳዕናዋ እንመለስ። በሥራ ምክንያት ተለያይተው የሚኖሩ ባለትዳሮች በየቤተ ክርስቲያናችን ብዙ ናቸው። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ሾፌሮች፣ ወታደሮች አሉ። እሱ ተረኛነቱን ጨርሶ ሲደውል እሷ ልጅ እያስተኛች ነው። እሷ ስትደውል እሱ ታካሚ ላይ ነው፤ ወይም ኔትወርክ የለም። እሷ «ረስቶኛል» ትላለች። እሱ «ገንዘብ ስፈልግ ብቻ ነው የምትደውልልኝ ትለዋለች ብዬ ነው ዝም የምለው» ይላል። ስድስት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ «ኮከባችን አልገጠመም» ይላሉ።

ውዶቼ፣ አልገጠመም ያላችሁት ሰዓታችሁ ነው። ኮከብ አይለወጥም፤ ሰዓት ግን ይስተካከላል። ስለዚህ በዚህ ወር እነዚህን ሞክሩ።

1ኛ. የጋራ ሰዓት ቁረጡ። በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃል። የተቆረጠው ሰዓት ለሁለታችሁም የሚመች ይሁን፤ ለአንዳችሁ ብቻ የሚመች ሰዓት ሌላውን ያስከፋል።

2ኛ. ቀኑን ሙሉ። የናሱ መሣሪያ ቀን ካልተሞላለት ይሳሳታል። ትዳርም እንዲሁ ነው። ያለፈውን ዓመት ሚስትህን ሳይሆን የዛሬዋን ጠይቃት። ልጁ ጥርስ አውጥቷል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ እናቷ ታማለች። ይህን ሳታውቅ የምትሰጣት ምክር ሰዓቱን የሳተ ነው።

3ኛ. በዚያ ሰዓት ሁለታችሁም ደጅ ውጡና አንድ ኮከብ እዩ። ሰማዩ ከጠራ ፊልቱና ሆሳዕና ያው ኦሪዮን ይታያል። ፊልቱ ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ ኮከቡ በሰማዩ አናት የሚያልፈው እዚያ 10 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው። እሱ «እኔ ጋ ደርሷል» ብሎ ይንገራት፤ እሷ ትጠብቀው። ልጆቹም ይውጡ፤ አባታቸው የሚያየውን እያዩ ያድጋሉ። ደመና ከሆነ ሞባይሉ አለ።

4ኛ. የገንዘብ ጉዳይን በሌላ ቀን አድርጉ። ሁሉም ስልክ ስለ ገንዘብ ከሆነ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልብ ይፈራል።

5ኛ. ሰዓቱን የሚያፈርስ ሰው ቀድሞ ይናገር። «ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ነገ እደውላለሁ» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ያልተነገረ መቅረት ግን ሌሊቱን ሙሉ ያሳስባል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። የጋራ ሰዓት መቁረጥ የሁሉም ችግር መድኃኒት አይደለም። ዱላ ያለበት ቤት፣ ሌላ ሰው የገባበት ትዳር፣ ልጆችን መርዳት የተወ አባት ከዚህ የበለጠ ነገር ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ በቤተ ክርስቲያናችሁ የታመነ መካሪን፣ ሽማግሌንና ሕግን ፈልጉ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት። የተመታች እህት «ኮከባችሁ ስላልገጠመ ነው፣ ቻይው» የሚላትን አትስማ። የመታት እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ ባለቤት አለው።

ጌጡስ ምን ይሁን? ያለው ሰው ያድርገው። ለልጆች ምድር እንደምትዞር ለማስረዳት ጥሩ ነው፤ ወደ ሰሜን የሄደም ሰው የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ሲያገኘው የተሻለ ይጠቀምበታል። የፊልቱው ባል ግን ሰዓቱን ከጌጡ ባያነብም «አስበኝ» ያለችውን አንብቦበታል። ለዚያ ኬክሮስ አያስፈልገውም።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።