ለምረቃ የተሰቀለ ደወል

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ክርክሬ ከአንድ ተቋም ጋር አይደለምና። ባለጉዳይ መጠበቅ ሲሰለቸው ጣሪያ ያያል፤ እኔም አየሁ። በኮሪደሩ ጣሪያ ላይ በተመጣጠነ ርቀት የተደረደሩ ነጫጭ ክብ ነገሮች አሉ። ዘጠኝ ቆጠርሁ። ከዘጠኙ ሰባቱ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ክዳን እንደ ደፉ ናቸው።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው ጣሪያ ጣሪያውን የምታየው?» አሉኝ የጥበቃ ሠራተኛው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። «ጋሼ፣ እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው?» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩና «የመብራት ዕቃ ይመስሉኛል። ሕንፃው ሲመረቅም እንዲሁ ነበሩ» ሲሉ መለሱልኝ።

የመብራት ዕቃ አይደሉም፤ ጭስ ጠቋሚዎች ናቸው። ብርቱካናማው ክዳን ከፋብሪካ አብሮ የሚመጣ ሲሆን ዓላማውም ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ የሲሚንቶ ብናኝና የቀለም ርጭት ወደ ውስጥ እንዳይገባ መከላከል ነው። ርክክብ ሲደረግ መነሣት ነበረበት። ክዳኑ ያልተነሣለት ጠቋሚ አፍንጫው እንደ ተደፈነ ሰው ነው፤ ከሥሩ ክፍሉ ቢነድ አይሸተውም። እንግዲህ ተቋራጩ ገንዘቡን ተቀብሏል፤ አማካሪው ፈርሟል፤ ሪባኑ ተቆርጧል፤ ንግግሩም ተደርጓል። ክዳኑን የሚያነሣ ሰው ግን አልተገኘም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በገባሁበት ሁሉ ጣሪያ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር ያልዞረባቸው ሕንፃዎች ሞልተዋል። እኔን ይበልጥ ያስፈሩኝ ግን ያለባቸው ናቸው። ማስጠንቀቂያ የሌለው ሕንፃ ቢያንስ አይዋሽም። በድን ጠቋሚ የሰቀለ ሕንፃ ግን ለባለጉዳዩ «ተጠብቀሃል»፣ ለበላይ አካል ደግሞ «ተሟልቷል» እያለ ሁለቱንም ያታልላል። በሪፖርት ያለ፣ በተግባር የሌለ ነገር ስንት ጊዜ አይተናል? ውኃ የሌለው ቧንቧ፣ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ አይተናል። ይህኛው ግን ጉድለቱ የሚታወቀው በአንዲት ሌሊት ብቻ በመሆኑ ከሁሉም የከፋ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዕቃዎቹን መለየት እንማር። ነጩ ክብ ነገር በጎኑ ዙሪያውን ስንጥቅ ካለው በአብዛኛው ጭስ ጠቋሚ ነው። በብዛት የሚገኘው ዓይነት በውስጡ ጨለማ ክፍል አለው፤ በዚያ ክፍል አንዲት የብርሃን ጨረር በተቀባዩ ዓይን ፊት ሳታልፍ ትሄዳለች። ጭስ ሲገባ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ የተበተነው ብርሃን ዓይኑ ላይ ሲያርፍ መሣሪያው ይጮኻል። በኩሽና አካባቢ የሚሰቀለው ደግሞ ሙቀት ጠቋሚ ነው፤ እርሱ ለጭስ ደንታ የለውም፤ የሚነቃው ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ወይም በድንገት ሲያሻቅብ ነው። ከጣሪያው ብቅ ያለች፣ ቀይ ፈሳሽ የያዘች የመስታወት ብልቃጥ ካያችሁ እርሷ ጠቋሚ ሳትሆን የውኃ መርጫ ናት፤ ብልቃጧ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ትፈነዳለች፤ ውኃውም ይለቀቃል። ቀለም ቀቢው አብሮ ከቀባት ግን በሰዓቷ ለመፈንዳቷ ዋስትና የለም። በደረጃው መግቢያና በመውጫ በሮች አጠገብ ያለችው ቀይ ሣጥን የእጅ መጥሪያ ናት፤ እሳት ያየ ማንኛውም ሰው እንዲጫናት የተቀመጠች ናት።

የሁሉም አንጎል ግን መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመግቢያው ወይም በጥበቃ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር አረንጓዴ መብራት ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው፤ ቢጫ መብራት ብልሽት አለ ማለት ነው፤ ቀይ መብራት እሳት አለ ማለት ነው። በውስጡ መብራት ሲጠፋ የሚተኩ ባትሪዎች አሉ። እነዚህ ባትሪዎች በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለባቸው፤ መብራት እየሄደ በሚመጣበት አገር ደግሞ ቶሎ ይደክማሉ። ቢጫው መብራት ሲበራ ሰሌዳው እንዲያስቸግር ሆኖ ስለ ተሠራ ጢጥ ጢጥ እያለ ሰው ይጠራል። የእኛ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ብልሽቱን ሳይሆን ድምፁን ያጠፋል! ሰሌዳው ላይ ድምፅ ማጥፊያ ቁልፍ አለና፤ ያንን ተጭኖ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ቢጫው መብራት ግን እየበራ ይከርማል።

በዚህ ሰው ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልቸኩልም፤ እኔም ከእርሱ አልሻልምና። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ በየሳምንቱ ዓርብ ቡና እናፈላ ነበር። ዕጣኑ ሲጨስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ ስብሰባ ላይ ያሉ ኃላፊዎች ይቆጣሉ። አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ የፕላስቲክ ከረጢት አልብሼ በላስቲክ አሰርሁት። ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ። ከረጢቱ ሥራውን እስክለቅቅ ድረስ እዚያው ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ አስታውሶ አላነሣውም። የቡናው ቦታ ይለወጥ፣ አለዚያም የጠቋሚው ዓይነት ይለወጥ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ዲግሪ የጫንን ሰዎች ነበርን።

አሁን ደግሞ ያደግሁበትን የጎዛምን ገጠር አስታውሱልኝ። በበጋ፣ ነፋስ በሚነሣበት ወቅት፣ የአንድ ሰው ጎጆ ወይም የጭድ ክምር ሲያያዝ መጀመሪያ ያየው ሰው እሪ ይላል። እሪታውን የሰማው ተቀብሎ እሪ ይላል። ያለ ሰዓቱ የተደወለ የቤተ ክርስቲያን ደወል ምን ማለት እንደ ሆነ ለሕፃን እንኳ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ወንዱ ቅጠል ቆርጦ፣ ሴቷ እንስራ አዝላ ይሮጣሉ፤ ሰምቶ የቀረ ሰው በማግሥቱ ከሰው ፊት መቆም ያፍራል። ያ ማስጠንቀቂያ ባትሪ አልነበረውም። የነበረው ሦስት ነገር ነው፤ የሚያይ ሰው፣ ሁሉም የሚያውቀው ድምፅ፣ ሰምቶ የመሮጥ ግዴታ። ከገጠር ወደ ፎቅ ስንወጣ ሦስቱንም ጥለን ነጩን ክብ ዕቃ ብቻ ገዛን።

ማስጠንቀቂያ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ መሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በተባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው የአንድን ሕንፃ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቆች ይዟል። እሳቱ የተነሣው 8ኛው ላይ ነው። ከ8ኛው ፎቅ ወደ 10ኛው፣ ባለቤቶቹና የቢሮ ሰዎች ወዳሉበት፣ ስልክ ተደወለ፤ እነርሱም በጣሪያው በኩል አመለጡ። መሐል ላይ ላለው 9ኛ ፎቅ የነገረው ሰው አልነበረም። በዚያ ፎቅ ከሁለቱ የደረጃ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞች ዕቃ ሰርቀው እንዳይወጡ በሚል። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ሕንፃው ግን እሳት የማይበግረው ተብሎ የተሠራ ነበርና ዛሬም ቆሟል። እኛ አገር 10ኛው ፎቅ ላይ ያለው ማን ነው? 9ኛው ላይስ?

ቁልፉ ደግሞ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ማቻኮስ አካባቢ በሚገኘው የክያንጉሊ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በመኝታ ክፍል በተነሣ እሳት 67 ተማሪዎች አልቀዋል፤ አንዱ በር ተቆልፎ፣ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በዚያው አገር በኤንዳራሻ አዳሪ ትምህርት ቤት 21 ልጆች ሞቱ። በአገራችንም ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት በተነሣው ቃጠሎ 23 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ ተናግሯል፤ ከእነዚህም 21ዱ በመረጋገጥና በጭስ በመታፈን መሞታቸውን ገልጿል። ጭስ ከነበልባሉ ቀድሞ ይገድላል፤ የተኛን ሰው ደግሞ አይቀሰቅሰውም። ልጆቻችን በየፎቁ በሚተኙበት የተማሪዎች መኖሪያ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ላይ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ «ለሌባ ነው» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እነዚህን ቁጥሮች አይቶ መመለስ ይቻላል።

«ዘመናዊ መሣሪያ ይገዛ፤ ችግሩ የበጀት ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2019 የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ሲቃጠል ጠቋሚው በሰዓቱ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ሰሌዳው ያወጣው ምልክት በትክክል ስላልተነበበ ጥበቃው የተላከው እሳት ወደሌለበት ወደ ሌላ ክፍል ነው። ስህተቱ ታውቆ ወደ ትክክለኛው ጣሪያ እስኪደረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠፋ፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት የዘመናት ቅርስ የሆነው የእንጨት ጣሪያ ተያያዘ። ፈረንሳይ በጀት አላጣችም። የጎደለው ምልክቱን በፍጥነት አንብቦ በትክክል የሚረዳ ሰው ነበር። በእኛ ሕንፃዎች ሰሌዳው አጠገብ የሚቀመጡት እኒያ አባት ናቸው፤ ቢጫው መብራት ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ይህን ለመንገር የሚያስፈልገው የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው፤ ለአንድ ምረቃ ከሚወጣው የድንኳን ኪራይ አይበልጥም።

«ክልሉ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በትጥቅ ግጭት ሲታመስ አንተ ስለ ጭስ ጠቋሚ ትጽፋለህ?» የሚለኝም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም አዎን ነው። ሰላም በሌለበት ጊዜ መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ ረዳት ይዘገያል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ እናስታውስ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባሉባት፣ 939 ብሎ መደወል በሚቻልባት አዲስ አበባ እንኳ ለማጥፋት ሰዓታት ፈጅቷል። ረዳት በራቀ ቁጥር ቀድሞ ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። መኪናው ሲደርስ ቢጮኽ ምን ይረባል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ሕግ አጥተን አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን ጥብቅ ክትትል በሚጠይቀው ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶ፣ ሰው ሳይገባባቸው በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲያገኙ አዝዞ ነበር። ፈቃዱ ግን የአንድ ቀን ወረቀት ነው፤ ሕንፃው ደግሞ በየቀኑ ያረጃል። ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ማንኛውም የሕዝብ ሕንፃ በወር አንድ ቀን ደወሉን ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ያስጩኽ፤ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም ድምፁን ይወቀው። ሁለተኛ፣ የተሞከረበት ቀንና የሞከረው ሰው ስም በሰሌዳው አጠገብ በግልጽ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ሰው በውስጥ ባለበት ሰዓት ሁሉ ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። አራተኛ፣ ክዳን ያልተነሣለትን ሕንፃ የተረከበ ኃላፊ በስሙ ይጠየቅ።

ከኃላፊው በፊት ግን ለእናንተ፣ ይህን ለምታነቡ የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ሐኪሞችና መሐንዲሶች፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ቀና በሉ። ክዳን ካለ፣ ከረጢት ካለ፣ ቀለም ከተቀባ፣ ሰሌዳው ቢጫ ካበራ፣ በሩ ከተቆለፈ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ለሚቀጥለው የደመወዝ እርከን ደብዳቤ መጻፍ የማይሰለቸን ሰዎች ለነፍሳችን አንድ ገጽ መጻፍ አያቅተንም።

ጉዳዬ ስላላለቀ ባለፈው ማክሰኞ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ተመልሼ ነበር። ሰባቱ ክዳኖች እንዳሉ ናቸው። ጥበቃው ገና ሲያዩኝ ጣሪያውን በጣታቸው እያሳዩ «ያን ያልኸኝን ነገር ለኃላፊው ነገርሁት እኮ» አሉኝ። «ምን አለዎት ጋሼ?» አልኋቸው።

«ይታያል አለኝ።»

ቸር እንሰንብት።