የአስመራን የእንፋሎት ባቡር ማን አቆየው?

ከምጽዋ ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣው የአስመራ የባቡር መስመር፣ ጣሊያኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ጀምረው በ1911 አስመራ ያደረሱት ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት፣ 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ጭነት ለመጎተት የተመረጠው ሎኮሞቲቭ፣ በስዊሱ ተወላጅ መሐንዲስ በአናቶል ማሌ ስም «ማሌ» የሚባለው ዓይነት ነበር። ማሌ ሁለት የመንኮራኩር ክፍሎች አሉት፤ የኋለኛው ከሻንሲው ጋር የተጣበቀ ሲሆን የፊተኛው ግን መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አብሮ ይታጠፋል፤ እንፋሎቱም በኋለኞቹ ጠበብ ያሉ ሲሊንደሮች ውስጥ ፒስተኑን ከገፋ በኋላ ገና ኃይሉ ሳይሟጠጥ ወደ ፊተኞቹ ሰፋፊ ሲሊንደሮች አልፎ ዳግም ይሠራል። ዛሬ የሚታዩት ባለ 442 ተከታታይ ቁጥር ማሌዎች በ1938 በጣሊያኑ አንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው።

እነዚህ ሎኮሞቲቮች የቆዩት በጥንቃቄ ስለተያዙ ነው ማለት ግን ያዳግታል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከጀርመን የመጡ የዲዝል ሎኮሞቲቮች በመስመሩ ላይ መሥራት ጀምረው ነበርና፣ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ቢቀጥል ኖሮ የእንፋሎቶቹ ዕጣ እንደ ብዙዎቹ የዓለም አቻዎቻቸው ተቆራርጦ መቅለጥ በሆነ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የኤርትራ የነፃነት ጦርነት መስመሩን ዘጋው፤ ሐዲዱና ከሥሩ የሚጋደሙት ብረቶች ተነቃቅለው ለምሽግ መሥሪያ ዋሉ፤ ሎኮሞቲቮቹም የሚሄዱበት መንገድ ስላልነበረ፣ የሚተካቸውም ስላልመጣ፣ ባሉበት ቆሙ። መንገዱን ያጠፋው ጦርነት ባቡሩን አተረፈው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ምስጋና ግን አይገባውም።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት መስመሩን ለውጭ ድርጅቶች ከመስጠት ይልቅ በአገር ውስጥ አቅም ለመጠገን ወሰነ፤ በ1994 የተጀመረው ሥራም ሐዲዱ ከየምሽጉ እየተለቀመ በ2003 አስመራ ደረሰ። የዚህ ሥራ ዋና ባለቤቶች ጡረታ ከወጡ በኋላ ተመልሰው የተጠሩት አረጋውያን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ የዚህ ዓምድ እምነትም ሎኮሞቲቮቹን በእርግጥ ያቆየው የእነርሱ እውቀት ነው የሚል ነው። እውቀቱ ደግሞ በመመሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እሳት ቆስቋሹ በቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው በሚፈላበት ጋን፣ ውስጥ ያለው ውሃ ከእሳት ሣጥኑ ጣሪያ በታች እንዳይወርድ ዘወትር መጠበቅ አለበት፤ ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። በዳገት ላይ ግን ውሃው ወደ ኋላ ስለሚያጋድል የመለኪያ መስታወቱ ንባብ ብቻውን ያታልላል፤ ስለዚህ ቆስቋሹ ከፊቱ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት አስቀድሞ አውቆ ንባቡን በልቡ ማረም ይኖርበታል፤ ይህን የሚያስተምረው ያንኑ መንገድ በተደጋጋሚ መመላለስ ነው።

የአስመራ ከተማ በዘመናዊ የሥነ ሕንፃ ቅርሷ በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሯ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕንፃ በሩ ተቆልፎም ቢሆን ለዓመታት ሊቆም ሲችል፣ ጥገናው የተቋረጠ ቦይለር ግን ከውስጥ በዝገት ይበላል። የውጭ አገር የባቡር አፍቃሪዎች በኪራይ የሚያስነሷቸው ጉዞዎች ገንዘብ ቢያስገኙም፣ ጥቂት በመሆናቸው አንድን ወጣት እሳት ቆስቋሽ ወይም ነጂ አድርገው ለማብቃት አይበቁም፤ እንግዳ ኖረም አልኖረም፣ ቢያንስ ከአስመራ በዚሁ መስመር ላይ እስካለችው ነፋሲት ከተማ ድረስ በቋሚነት የሚመላለስና ከአረጋውያኑ ጎን ተለማማጆችን የሚያሳፍር ባቡር ያስፈልጋል።